ከግራ ሦስተኛው በር

አምቦ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

አከም ጅርታ? ቤቱም ከብቱም ጎረቤቱም ደህና ነው ብዬ ልቀጥል። እኔ ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ። ዳሌዬ ከደጄ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም ይላል። ሸነን ድረስ መጥቼ ፊትሽን ማየት ስለማልችል የምጠይቅሽን ሁሉ በወረቀት መልሺ።

ናኦሚ ለመስቀል ለሁለታችን የሰጠችንን በእጅ የሚያዝ ጌም ጀመርሽው? የእህቴ የልጅ ልጅ ስለሆነች አላዳላም፤ ሐሳቧ ግን ጥሩ ነው። ኮምፒውተር የምታስተምራቸው ተማሪዎች ስለ ቆዩ ጌሞች የሚጽፉበት ትንሽ መጽሔት አላት። «ልጆቹ ሁሉንም 'አሪፍ ነው' ብለው ነው የሚጨርሱት፤ እማማ ጉዴ፣ የሚያርም ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሂሳብ ካስተማሩ ሁለት ሴቶች በላይ ማን ያርማል?

ጌሙ ከናኦሚ በዕድሜ ይበልጣል። ፋኖስ የያዘች ልጅ የተሰረቀ ደወል ፍለጋ አምስት ምድር ቤቶች ውስጥ ትወርዳለች። ተማሪዎቹ «ደንጀን» ይሉታል። እኔ ምድር ቤት እለዋለሁ፤ በር፣ ቁልፍ፣ ወጥመድና አውሬ ያለበት የመሬት ውስጥ ቤት ነውና። የምንመረምረው አውሬውን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ክፍሉ ለምን እዚያ ተቀመጠ? በሩ ለምን ያን ጊዜ ተቆለፈ?

ሕጉ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ነው። የደረሰን ደብዳቤ በቀይ ታርሞ፣ ከአስር ነጥብ ተሰጥቶት ለጸሐፊዋ ይመለሳል። በነጥብ የምትከራከር በአካል ትመጣለች እንጂ በደብዳቤም በስልክም አትጮህም። ግምት መልስ አይደለም። ኩረጃም የለም፤ ያልወጣልኝን አልጠይቅሽም፣ ያልወጣልሽን አልነግርሽም።

የመጀመሪያውን ምድር ቤት ጨርሻለሁ፤ ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ። ገና ስትገቢ ቁልፉን ከብረት ፍርግርግ ወዲያ ያሳይሻል፤ ልትወስጂው ግን አትችዪም። ስምንት ክፍል ዞረሽ ከኋላ ስትደርሺበት፣ የት እንደሆንሽ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ። ጥሩ አስተማሪም እንዲህ ናት፤ የምትጠይቀውን አስቀድማ ታሳያለች። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት የሌሊት ወፎቹ ስለበዙ ነው።

አሁን የማትወጂውን ልጠይቅ። ናኦሚ መስቀል ዕለት ጌሙን አፍንጫሽ ላይ አስጠግተሽ ስትይዢው አየችሽ። ዓይንሽ ነው? አዎ ወይም አይደለም በዪ። ዙሪያውን አትዙሪ።

ጉዴ

ሸነን፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያ ጉዴ፣

ደብዳቤሽን ዋቆ በአውቶቡሱ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር አምጥቶልኛል። አንብበን ከጨረስን በኋላም ያስለቅሳል። ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፤ ከብቱም ጎረቤቱም ደህና ነው፤ ዳሌሽን ሰላም በይልኝ።

ጽሕፈቱ የኔ አለመሆኑን አይተሽ ከመጮህሽ በፊት ልንገርሽ፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ለንሳ ናት። የእጄ አንጓ አሞኛል። ለንሳ ቀኑን ጤና ጣቢያ ስለምትውል እጇ የሐኪም እጅ እንዳይሆንብኝ በየመስመሩ እየተቆጣኋት ነው። (እውነት ነው። ለንሳ)

የመጀመሪያውን ምድር ቤት ጨረስኩ፤ አሥር ነው የሚገባው። ልጅቱ ስትራመድ ድንጋይ ይሰማል። ቁልፉ ያለበት ክፍል ስትደርስ እንጨት ይሆናል። ከፍርግርጉ ወዲህ ሆነሽ ያንኑ እንጨት ሰምተሽዋል፤ ስለዚህ ከኋላ ስትመጪ «ይሄ ያ ክፍል ነው» ትያለሽ። የሌሊት ወፎቹም አልበዙም። ከመምጣታቸው በፊት ክንፋቸው ያስጠነቅቅሻል፤ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የሰው ማስጠንቀቂያ የምትሰሚው?

ሁለተኛውንም ጀምሬያለሁ። ኮሪደሮቹ አሰልቺ ናቸው እንደምትዪ አውቃለሁ። በሰሜኑ በኩል ንፋስ አለ፤ በደቡቡ የለም። ይበቃል።

ስለ ዓይኔ፤ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ዓይን ነው። ያንቺስ የስንት ዓመት ነው?

ወርቅቱ

አምቦ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

ደብዳቤሽ ታርሞ ከዚህ ጋር ተመልሷል፤ ከአሥር ስድስት። ለንሳ በጽሕፈት ሙሉ ነጥብ አግኝታለች።

የቀነስኩበትን ልንገርሽ። ሁለት ገጽ ጻፍሽ፤ ሁለቱም የሰማሽው ነው። ያየሽው የት አለ? የቁልፉ ቀለም ምንድን ነው? በመጀመሪያው በር ላይ የተቀረጸው እባብ ስንት ራስ አለው? እነዚህን ስትመልሺ ነጥቡ ይስተካከላል። አዎ ወይም አይደለም በዪ ያልኩሽንም በጥያቄ መለስሽልኝ፤ እሱ ዜሮ ነው።

የሁለተኛውን ምድር ቤት ካርታ ስዬ ልኬልሻለሁ። ክፍሎቹን በካሬ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ነው ያሰመርኳቸው። ስህተት ካለበት እንደ ልማድሽ በቀይ አርመሽ መልሺ። ለምድር ቤቱ አምስት ሰጥቻለሁ። ሃያ ኮሪደር ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ! ይህን የሠራው ሰው ተማሪን በማደናገር የሚፈትን አስተማሪ ነው። እንዲህ ያለ አስተማሪ አብሮን ሠርቷል፤ ስሙን አልጽፍም፣ ታውቂዋለሽ።

ሦስተኛው ላይ ቆሜያለሁ። አሥራ አንድ ቀኔ ነው። መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ ነኝ። አልጠይቅሽም። ቆሜያለሁ ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ጉዴ

ሸነን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያ ጉዴ፣

አሥራ አንድ ቀን! ለንሳን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት፤ ደስ እያለኝ። እኔ ላይ ያ ክፍል የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ኩረጃ ስለሆነ አልነግርሽም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ጥያቄ አልተከለከለም። ገበያ ሄደሽ እንስራ ስትገዢ ሻጭዋ «ደህና ነው» ስላለችሽ ብቻ ትከፍያለሽ?

እኛ ዘንድ ሰዉ ሁሉ ስንዴ ሰብስቦ ጨርሷል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለገና እየተለማመዱ ነው፤ አንዷ ልጅ ድምፅዋ ይወጣል፣ ስለ እሷ ለብቻው እጽፍልሻለሁ። ካርታሽ ደርሶኛል። ቆንጆ ነው። የሚታረም የለውም፤ ይኸው መልሼዋለሁ።

ስለ ቁልፉ ቀለም በሚቀጥለው።

ወርቅቱ

አምቦ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

ስለ እንስራው የጠየቅሽኝን አንብቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ጌሙን ከፈትኩና ግድግዳውን ሁሉ በልጅቱ ሰይፍ እያንኳኳሁ ዞርኩ። በምሥራቁ በኩል ባዶ ነገር ጮኸ። መታሁት፤ ፈረሰ። ያን ሁሉ ቀን የድምፁን መጠን ዘግቼ ነበር የምጫወተው። ሙዚቃው ይረብሸኛል ብዬ።

እንግዲህ ፍርዴን አሻሽያለሁ፤ ይህን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ። ሁለተኛውን ምድር ቤት ድምፁን ከፍቼ ደግሜ ወረድኩበት። ንፋሱ አለ። ድንጋዩን አንድ ዓይነት ያደረገው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንድንሰማ ነው። ስምንት ሰጥቼዋለሁ። ለናኦሚ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ጥሩ ምድር ቤት ነገሩን ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ለዓይን፣ አንድ ጊዜ ለጆሮ። አንዱ ያመለጠው በሌላው ይደርሳል።» ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው፤ ሐሳቡ ያንቺ ስለሆነ ስምሽ ከላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ካርታው። ደረጃውን ሆን ብዬ በተሳሳተው በኩል ነው የሳልኩት። ከግድግዳው ውጭ፣ ሜዳ ላይ! የአምስተኛ ክፍል ልጅ ታየዋለች። አንቺ የሚታረም የለውም ብለሽ መለስሽው። ላለፉት አርባ ዓመታት ያለ አንድ ቀይ ጭረት የመለስሽልኝ ወረቀት የለም። ስለዚህ አንጓሽን አላመንኩትም።

ከጥር 20 እስከ 24 የዓይን ሐኪሞች ቡድን አምቦ ይመጣል። የዓይን ሞራ በነጻ ያወጣሉ። ናኦሚ ጠይቃ አረጋግጣለች። ከመናኸሪያው እሷ ትቀበልሻለች፤ አልጋው እኔ ጋ ነው። አምስት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ጉዴ

ሸነን፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዴ፣

እንኳን ለገና አደረሰሽ፤ በዓሉ አልፏል፣ ቁጣዬ ግን ገና ነው።

ጓደኛሽን በተሳሳተ ካርታ ትፈትኛለሽ? ይህን ወጥመድ ጌሙ እንኳ አያደርገውም፤ ጌሙ ወጥመድ ካለ ያስጠነቅቃል።

ዓይኔን ማንም አይነካውም። እህቴ ድንቅቱን ታስታውሻታለሽ። ያ በየገበያው የሚዞር ሰውዬ «ሞራ አወጣለሁ» ብሎ በመርፌ ከነካት በኋላ የፀሐይን መውጣት በግንባሯ ሙቀት ነው የምታውቀው የነበረው። አሥራ ስምንት ዓመት በእጄ መራኋት። «ይሄ ሐኪም ነው፣ ያ ሐኪም አልነበረም» እንደምትዪ አውቃለሁ። ለንሳም በየቀኑ ትለዋለች። መልሴ ያው ነው፤ አልመጣም።

ሌላ ወሬ። አምስተኛው ምድር ቤት ውስጥ ነኝ፤ የውኃው። ውኃው ሦስት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አራት በሮች ይገጥሙሻል። የተሳሳተውን ከነካሽ ውኃው ጠርጎ ደጅ ይጥልሻል። በሮቹ ድምፅ የላቸውም። ሁሉንም አንኳኳሁ፤ አራቱም አንድ ናቸው። ለንሳ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ጆሮዬን ያዝኩ። እኔም አልጠይቅሽም። ቆሜያለሁ ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ወርቅቱ

(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ ብጣሽ ወረቀት)

እማማ ጉዴ፣ ይህን አያቴ፣ አኮ፣ አታውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፊቴን የምታውቀው በድምፄ ነው። ጤና ጣቢያ አሳይቻታለሁ፤ ሞራ ነው፣ ይወጣል ብለዋል። አንጓዋ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ድስት አወርዳለሁ ስትል መዳፏን ተቃጠለች። ጌሙን ማሳያው ላይ ዓይኗን አጣብቃ ትጫወታለች፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ቀለም አትለይም። «ልጅ ሆኜም ሰሌዳ አይታየኝም ነበር፤ ኖሬበታለሁ» ትለኛለች። እርስዎን ብቻ ነው የምትሰማው። ይቅርታ፣ አሾለክኩ። ለንሳ።

አምቦ፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

ለንሳ ይህን ሁሉ ታንብብልሽ። ለንሳ፣ አንድም መስመር እንዳትዘዪ። ወርቅቱ፣ አንቺም ለንሳን እንዳትቆጪ፤ የጻፈችልኝን ጻፈችልኝ፤ ተገቢ ነበር።

የ1958ቱን ፈተና እናንሳ። በሃምሳ ስምንት ዓመት አንዳችንም አንስተነው አናውቅም።

የጂኦሜትሪ ፈተና ነበር። ጥያቄዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፉ። አንቺ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበርሽ፤ እኔ ከጎንሽ። ወደ ወረቀቴ አየሽ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየጥያቄው። ተነስቼ ለዳይሬክትሯ ተናገርኩ። ዓመቱን ሙሉ ተባረርሽ። አባትሽ ኦቦ ጉተማ ከሸነን በበቅሎ መጥተው ሲወስዱሽ በመስኮት አየሁ። አንቺ ዞር ብለሽ አላየሽም። እኔ በዓመቱ መጨረሻ ስለ ጠባይ ሽልማት ተሰጠኝ። የምስክር ወረቀቱ አሁንም አለ፤ የአምቦ የያኔ ስሟ፣ «ሀገረ ሕይወት» የሚል ማኅተም አለበት። ባለፈው ሳምንት ከሳጥን አውጥቼ አየሁት።

በዓመቱ ስትመለሺ መነጽር አድርገሽ ነበር የመጣሽው። መነጽሩን አየሁ። ሰላም አልኩሽ። መነጽሩንና ፈተናውን ግን አላገናኘሁም። የለንሳን ወረቀት እስካነብ ድረስ አላገናኘሁም።

ጥያቄዎቹን ከሰሌዳው ወደ ወረቀቴ ገልብጬ ነበር። አንቺ ስታዪ የነበረው መልሴን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ሰሌዳው አይታይሽም ነበር። እጅሽን አውጥተሽ አይታየኝም ብትዪ ደግሞ «ለምን ከኋላ ተቀመጥሽ?» ተብለሽ እንደምትገረፊ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማርኩ። ከኋላ ተቀምጠው ወደ ጎረቤታቸው ያዩትን ልጆች ወረቀት ቀድጃለሁ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ቁጥር የማላውቅለት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ቃል ስጽፍ ሰርዤ ሦስት ጊዜ ነው የጀመርኩት፤ ስርዙን አትቁጠሪብኝ።

አሁን ወደ ውኃው ምድር ቤት፤ አሥር ሰጥቼው ነበር። ውኃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ የሚከፈተው የውኃውን ቀለም የመሰለ ዕንቁ ያለበት በር ነው። ሥራው ያምራል። ግን ነገሩን የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዓይን። ስለዚህ ሕጉን እኔ እሰብራለሁ። አሁን ጌሙን ከፍቼ እያየሁ ነው የምጽፈው። በመጀመሪያው ዝቅታ ከግራ አንደኛው። በሁለተኛው ከግራ አራተኛው። በመጨረሻው ከግራ ሦስተኛው። ይኸው። አስኮርጄሻለሁ።

ወደ ሐኪሞቹ ነይ አልልሽም። ብዬሻለሁ። አምስት ቀን ነው።

ጉዴ

ሸነን፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዴ፣

አንደኛው በር ተከፈተ። አራተኛው ተከፈተ። ሦስተኛው ጠርጎ ደጅ ጣለኝ። አራት ቀን ሙሉ ሞከርኩ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ለንሳ ደብዳቤሽን ደግማ አነበበችልኝ፤ «ከግራ ሦስተኛው» ነው የሚለው። ግራዬን አውቀዋለሁ።

ሌላውን በር መሞከር እችል ነበር። ግምት መልስ አይደለም።

በነጥብ የምትከራከር በአካል ትመጣለች። ሐሙስ ጠዋት በዋቆ አውቶቡስ እመጣለሁ። ጌሙን ይዤ ነው የምመጣው። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ምንም አላልኩም፤ ለንሳ ቦርሳዬ ውስጥ የሌሊት ልብስ ስትከት ሰምቻለሁ፣ ስለ እሱም ምንም አላልኩም።

ወርቅቱ

ሸነን፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያ ጉዴ፣

ይህ የኔ እጅ ነው። ፊደሎቹ እንደ ጎመን ቅጠል ቢሰፉም ከነጥብ እንዳትቀንሺ፤ አንድ ዓይን ነው ያለኝ። ሁለተኛውን ለግንቦት ቀጥረውኛል፤ እሄዳለሁ። ናኦሚን አመስግኚልኝ። ሐሙስ ዕለት ከመናኸሪያው ወደ አንቺ ትወስደኛለች ብዬ ስከተላት ሆስፒታል በር ላይ ነው ያቆመችኝ። «እማማ፣ ወረፋው አጭር ነው፣ ክርክሩ ይደርሳል» አለችኝ። ያንቺው ዘር ናት። የሐኪሟ ድምፅ የተማሪዬ ዓይነት ነበር፤ «ድንቅቱ የምትባል እህት ነበረችኝ» አልኳት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ነው እሺ ያልኩት።

ፋሻው ሲነሳ የሆነውን አንቺም ነበርሽ፣ አልጽፈውም። አንድ ነገር ግን ያኔ አላልኩሽም። አርጅተሻል። አስቤው አላውቅም ነበር።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከኅዳር ጀምሮ በራሴ ዓይን አነበብኩና በቀይ አርሜ ልኬልሻለሁ። ካንቺ ይዤው በመጣሁት ካርታ ላይ ደረጃውን ወደ ግድግዳው ውስጥ መልሼዋለሁ። እባቡ ሦስት ራስ አለው። ቁልፉ ናስ ነው።

የጥር 8ቱ ዘጠኝ አግኝቷል። ስለ 1958 የጻፍሽው ግን እርማት ያስፈልገዋል። ሰሌዳው አይታየኝም ነበር፤ እውነት ነው። ያን ቀን ደግሞ አላጠናሁም ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ጥያቄውን ካየሁ በኋላ ዓይኔ መልሱ ላይም አረፈ። ግማሹ ብቻ ነው ያንቺ፤ ሙሉውን ይዘሽ አትቀመጪ። ግማሹን ይቅር ብዬሻለሁ። በመስኮት ማየትሽን ደግሞ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ማንም የሚያየኝ አልመሰለኝም።

የተቀነሰችው አንዷ ነጥብ ለበሩ ናት። ጌሙን ከፍቼ አየሁት። ውኃው አረንጓዴ ሲሆን አረንጓዴው ዕንቁ ያለው ከግራ ሁለተኛው ላይ ነው። ሦስተኛው ሰማያዊ ነው። ደወሉን አግኝቻለሁ፤ ድምፁ ደስ ይላል። ለንሳ «እማማ ጉዴ እንድትመጪ ሆን ብለው ነው» ትላለች። ናኦሚም እንዲሁ። እኔ ደግሞ አንቺን ሃምሳ ስምንት ዓመት አውቅሻለሁ፤ ሰው ለማስኮረጅ እንኳ የተሳሳተ መልስ አትሰጪም። ንገሪኝ፤ ሆን ብለሽ ነው?

ወርቅቱ

አምቦ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወርቅቱ፣

ፊደልሽ ሰፍቷል። አልቀነስኩም።

ጽሑፋችንን ለናኦሚ ሰጥቻታለሁ። ለውኃው ምድር ቤት ሰባት ጽፌያለሁ፤ ከኔ አሥርና እዚህ ሳለሽ ከሰጠሽው አራት መካከል ያለው ነው። «ለውበቱ ሙሉ ነጥብ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተናገረ ሦስት ተቀንሶበታል» ይላል። ካልተስማማሽ ግንቦት ላይ ስትመጪ እንከራከር። ናኦሚ ከነጥቡ ይልቅ የተጣላንበትን አወጣለሁ ትላለች፤ ከለከልኳት፣ የምትሰማ አይመስለኝም።

ግማሹን ተቀብያለሁ። ሌላውን ግማሽ ላንቺ መልሻለሁ። ያቺን የጠባይ ምስክር ወረቀት ላጠፋት አስቤ ነበር፤ አላጠፋኋትም። ከጀርባዋ ላይ የጻፍሽልኝን እርማት ቀኑን ጨምሬ ገልብጬባታለሁ።

ስለ በሩ፤ ሆን ብዬ ነው ብል ትልቅ ሰው እመስል ነበር፤ ናኦሚም ለተማሪዎቿ ትነግራቸው ነበር። ሆን ብዬ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሮች የቆጠርኩት ደብዳቤውን ከመጀመሬ በፊት ነው። የመጨረሻውን የቆጠርኩት ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነው። በደንብ አይታየኝም ነበር።

ነጥቡን አልከራከርም።

ጉዴ